ከተነሳሁ በኋላ ሞተር ቢጠፋ፦ ልመለስ ወይስ ፊት ለፊት ልረፍ?

አዲስ_ክንፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ሴስና 172 ኤስ በምትባል ትንሽ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ማብረር እየተማርኩ ነው፤ ሶሎ ልወጣ፣ ማለትም ብቻዬን ልበር፣ ተቃርቤያለሁ። አንድ ነገር ግን አልጠራልኝም። አስተማሪዬ «ከተነሳሽ በኋላ ሞተሩ ከጠፋ አፍንጫውን ዝቅ አድርጊና ፊት ለፊትሽ ያለው ቦታ ላይ እረፊ፤ ወደ ኋላ እንዳትዞሪ» ይለኛል። ክለባችን ውስጥ ያሉ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ደግሞ 500 ጫማ ካለፍሽ ዞረሽ ማኮብኮቢያው ላይ መመለስ ትችያለሽ ይላሉ። ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያወራው፤ እኔ ነኝ መሃል ላይ የቀረሁት።

ስለዚህ ልጠይቃችሁ። መዞር የሚታሰበው ከስንት ጫማ ጀምሮ ነው? ገና እየተንደረደርኩ የሆነ ነገር ቢያጠራጥረኝስ እስከየት ድረስ ነው ማቆም የምችለው? ሲታረፍ የሚመጣው ችግርስ? ስለ መነሳት ሁሉም ያወራል፣ ስለ ማረፍ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፣ ቼክሊስቱንም በቃሌ ይዤዋለሁ። የምፈልገው በዛች ቅጽበት ምን እንደምታስቡ፣ እጃችሁ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ እንድትነግሩኝ ነው።

ጋሽ_ፕሮፔለር

አስተማሪሽ ልክ ነው። ግን «አትዙሪ» ብቻ ተብሎ ሲነገር ትእዛዝ ይሆንና ጭንቀት ሲመጣ ይረሳል። ምክንያቱ ከገባሽ አይረሳም። እስቲ አብረን እናስላው።

65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ) ላይ ሆነሽ 30 ዲግሪ አጋድለሽ ታጠፍሽ እንበል። 180 ዲግሪ ለመዞር ወደ 19 ሰከንድ ይፈጅብሻል። ዞረሽ ስትጨርሺ ግን ከማኮብኮቢያው ጎን ወደ 400 ሜትር ርቀሽ በትይዩ ነው የምትበሪው። ወደ መስመሩ ለመግባት እንደገና ወደ ውስጥ መታጠፍ አለብሽ፤ ከዚያ ደግሞ ለማስተካከል ወደ ሌላው ጎን። በድምሩ ከ180 በጣም ይበልጣል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሞተር የሌለው 172 በደቂቃ ከ700 ጫማ በላይ እየወረደ ነው፣ አጋድሎ ሲታጠፍ ደግሞ ይብሳል።

«እሺ፣ የበለጠ አጋድዬ ቶሎ ልዙር» ትያለሽ። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። የ172 ኤስ ስቶል ፍጥነት፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት፣ ፍላፕ (ቀስ ብሎ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ፣ ቀጥ ብሎ ሲበር 48 ኖት ነው። ከፍታሽን ልትይዢ እየሳብሽ 45 ዲግሪ ስታጋድዪ ወደ 57 ይወጣል፣ 60 ዲግሪ ላይ ደግሞ 68። 65 ላይ ሆነሽ 60 ዲግሪ አጋድለሽ መሪውን ከሳብሽ ክንፉ መሸከም ያቆማል። 300 ጫማ ላይ ከዚያ ለመውጣት የሚበቃ ከፍታ የለም። መሬቱ ሲቀርብ ደግሞ እጅ ሳያስበው ይስባል። ማንም ሰው ይስባል።

ነፋሱን ጨምሪበት። የተነሳሽው 10 ኖት የፊት ነፋስ ይዘሽ ከሆነ ዞረሽ ስትመለሺ ከኋላሽ ይሆናል። ፊት ለፊት ብታርፊ መሬቱን የምትነኪው በ55 ኖት ነበር፣ ዞረሽ ስታርፊ ግን በ75 ነው። የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ ልዩነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ደግሞ ድንጋጤው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማንም ወዲያው አያምንም። ቢያንስ ሦስት አራት ሰከንድ እጅ ሳይንቀሳቀስ ይሄዳል። በ2009 ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን ኤርባስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትልቅ አውሮፕላን ስለሆነ ቁጥሩ ለእኛ አይሠራም፣ ትምህርቱ ግን ይሠራል። መርማሪዎቹ በሲሙሌተር ሲሞክሩት ወፎቹ እንደመቱት ወዲያው ከዞሩት አብራሪዎች የተወሰኑት ማኮብኮቢያ ላይ ደረሱ። ሰው ነገሩን ተረድቶ እስኪወስን የሚፈጅበትን 35 ሰከንድ ሲጨምሩበት ግን አልተቻለም። ክለቡ ውስጥ «500 ጫማ ይበቃል» የሚሉሽ ሰዎች የሞከሩት እያወቁ፣ ተዘጋጅተው ሊሆን ይችላል። አንቺ ሳታውቂ ነው የሚመጣብሽ።

ስለዚህ እጄ መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል? ወደፊት። መሪውን ወደፊት። ሽቅብ እየወጣሽ ሳለ አፍንጫው ወደ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ፍጥነቱ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። መጀመሪያ አፍንጫው ይውረድ፣ ፍጥነቱ ይያዝ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ሬዲዮውም ጭምር።

ነፋስ_ለኪ

ስለ መንደርደሩ እኔ ልመልስ። ቀላል መለኪያ አለ። ማኮብኮቢያው ግማሽ ላይ ስትደርሺ ለመነሳት መሪውን ከምትስቢበት ፍጥነት 70 በመቶውን ካላገኘሽ አቁሚ። ለ172 ኤስ 55 ኖት ላይ ነው የሚሳበው፣ ስለዚህ ግማሹ ላይ 39 ኖት ገደማ ማየት አለብሽ። 70 የሆነው ዝም ብሎ አይደለም። ፍጥነትሽ የሚያድገው ከተንደረደርሽበት ርቀት ስኩዌር ሩት ጋር ነው፣ የግማሽ ስኩዌር ሩት ደግሞ 0.71 አካባቢ ነው። ግማሹን ማኮብኮቢያ ጨርሰሽ እዛ ካልደረስሽ፣ በቀረው ግማሽም አትደርሺም።

ከመነሳትሽ በፊት ግማሹ የቱ ጋ እንደሆነ ምልክት ያዢ። ታክሲ ዌይ (ወደ ማኮብኮቢያው መግቢያና መውጫ መንገድ) የሚገናኝበት ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ወይ አንድ ምልክት ሰሌዳ። ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ ሜዳው ከባህር ጠለል ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሳሩ እርጥብ ከሆነ ይሄ መለኪያ ሕይወት ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ጉልበቱ ብቻ አንሶ ሊጨርስሽ ይችላል።

ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ሙሉ ስትሰጪ ደግሞ የሞተሩን ዙር፣ የዘይት ግፊቱንና ፍጥነት መለኪያው መንቀሳቀስ መጀመሩን እዪ። አንዱ እንኳ ካላማረሽ ስሮትሉን ዝጊ፣ ፍሬን ያዢ፣ ፍላፑን መልሺ። ለማቆም ለማንም ምክንያት ማስረዳት የለብሽም። ታወሩ አይቆጣም። ከኋላሽ የሚጠብቀውም ይጠብቅ።

አዲስ_ክንፍ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት፣ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ከምነሳበት ሜዳ ፊት ለፊት ዛፍ አለ፣ አጥር አለ፣ ከዚያ የተቆራረጠ የእርሻ ማሳ ነው። «ፊት ለፊት እረፊ» ሲባል የሚታየኝ ዛፉ ነው። ወደኋላ ደግሞ ሰፊ ጥርጊያ እንዳለ አውቃለሁ። ልቤ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዎታል። ዛፍ ውስጥ ገብቶ መትረፍ ይቻላል እንዴ?

ጋሽ_ፕሮፔለር

ይቻላል። የሚወስነው በስንት ፍጥነት እንደገባሽና እስክትቆሚ ስንት ሜትር እንደተጓዝሽ ነው። አውሮፕላኑን እየመራሽው፣ ክንፉ አግድም እንደሆነ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ከገባሽ የመትረፍ ዕድልሽ ትልቅ ነው። ስቶል አድርጎ ባፍንጫው ከወደቀ ግን ሜዳው የእግር ኳስ ሜዳ ቢሆንም ዋጋ የለውም።

ቁጥር ልስጥሽ። ሰውነትሽ ላይ የስበትን 9 እጥፍ ጉልበት እያሳረፈ የሚቆም አውሮፕላን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከነበረ ለመቆም 3 ሜትር አይሞላም የሚያስፈልገው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ከነበረ ግን ከ11 ሜትር በላይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ፣ ርቀቱ አራት እጥፍ። ለዚያ ነው በነፋሱ ፊት፣ ፍላፕ አውርደሽ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ መንካት ያለብሽ። ቁጥቋጦ፣ የደረሰ ሰብል፣ ቀጫጭን ዛፍ ሁሉ ጉልበት ይበላልሻል። ክንፉ ይገንጠል። ጎማው ይሰበር። አንቺ የተቀመጥሽበት ክፍል ብቻ ተርፎ ይቁም። ሞተሩ በጠፋባት ሰከንድ አውሮፕላኑ የኢንሹራንሱ ሆኗል፣ እሱን ለማዳን ብለሽ ምንም አታድርጊ።

«ፊት ለፊት» ሲባል ደግሞ በክር የተሰመረ ቀጥታ መስመር አይደለም። በግራም በቀኝም ወደ 30 ዲግሪ፣ ከፍታ ካለሽም እስከ 60 ድረስ መርጠሽ መሄድ ትችያለሽ። በቀስታ አጋድይ እንጂ። ያ ብቻውን ብዙ ማሳ ይከፍትልሻል። ሶሎ ከመውጣትሽ በፊት ከአስተማሪሽ ጋር ሆናችሁ ሜዳውን ከላይ እዩት፣ ካርታ ላይም እዩት። በየማኮብኮቢያው ጫፍ የትኛው ማሳ ላይ እንደምታርፊ አሁኑኑ ምረጪ። የእርሻ ማሳ ካለ ከፈሩ ጋር በትይዩ ነው የሚታረፈው፣ ፈሩን እያቋረጡ አይደለም።

ጊዜ ከተረፈሽ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቁን መቆጣጠሪያ) ዝጊ፣ የነዳጁን ቧንቧ ዝጊ፣ ማግኔቶውን (የሞተሩን ማቀጣጠያ) አጥፊ፣ ፍላፑ ከወረደ በኋላ ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) አጥፊ፣ በሩን ከማረፍሽ በፊት ክፈቺው፤ ቆርቆሮው ከተጣመመ በኋላ ላይከፈት ይችላል። የትከሻ ቀበቶሽን ግን ከመነሳትሽ በፊት አጥብቂ፤ ያን ጊዜ እጅሽ ሌላ ሥራ አለው።

ቀዛፊ

ጋሽ ፕሮፔለር ካሉት አብዛኛው ልክ ነው፣ ግን «ከቶ አይዞርም» ተብሎ እንዳይወሰድ እፈራለሁ። እኔ ግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) ነው የማበረው። እኛ ዘንድ የሚጎትተን ገመድ 200 ጫማ ላይ ቢበጠስ ዞሮ መመለስ የሥልጠናው አካል ነው፣ ተማሪ ሁሉ ያደርገዋል። እና መዞሩ በራሱ ሞት አይደለም።

ጋሽ_ፕሮፔለር

ወንድሜ ቀዛፊ፣ ትክክል። ግን ግላይደርህ 1 ሜትር ሲወርድ 30 እና ከዚያ በላይ ወደፊት ይሄዳል። 172 ግን 9 ገደማ ነው። ገመድ እንደሚበጠስም በየበረራው ትጠብቃለህ፣ 200 ጫማ ስትደርስ ጮክ ብለህ ትጠራዋለህ። ያ ልማድ ለእኛም ቢመጣ ደስ ይለኛል። ቁጥሩ ግን አይመጣም።

አዲስ ክንፍ፣ የራስሽን ቁጥር ማወቅ ከፈለግሽ ከአስተማሪሽ ጋር ሆነሽ ደህና ከፍታ ላይ ሞክሪው። 4000 ጫማ ላይ በመነሻ ፍጥነት ሽቅብ ውጪ፣ ስሮትሉን ዝጊ፣ አራት ሰከንድ ቁጠሪ፣ ከዚያ ዙሪ፣ መስመር እስክትይዢ ድረስ ስንት ጫማ እንደጠፋ እዪ። ያገኘሽው ላይ ግማሹን ጨምሪበት። የምትደርሺበት ቁጥር ክለቡ ውስጥ ከሚወራው በጣም ከፍ ያለ ነው የሚሆነው። ብቻሽን ደግሞ አትሞክሪው።

ደመና_ጠራጊ

አንድ ነገር አልተነሳም። እስካሁን የተወራው ሞተሩ ጨርሶ ስለመጥፋቱ ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ ባወጣው ጽሑፍ ላይ እንዳለው፣ ባለአንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሲነሱ ወይም እንደተነሱ ሞተሩ በከፊል ጉልበት የማጣት ዕድሉ ጨርሶ ከመጥፋቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። እና የሚያታልለው እሱ ነው! ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ግን ይሽከረከራል። «ትንሽ ጉልበት ስላለኝ ልመለስ» ትያለሽ፣ ዛፉን ለማለፍ አፍንጫውን ቀስ በቀስ ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ፍጥነቱ ያልቃል፣ በመታጠፊያው መሃል ደግሞ የቀረውም ጉልበት ይሄዳል።

ጨርሶ ሲጠፋ ምርጫ የለም፣ ስለዚህ ውሳኔው ቀላል ነው። በከፊል ሲሆን ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ከፍታዬን መያዝ ካልቻልኩ ሞተሩ እንደጠፋ እቆጥረዋለሁ። ከፍታ መያዝ ከቻልኩ በትንሹ እያጋደልኩ፣ ከሥሬ ማረፊያ እያየሁ፣ ወደ ሜዳው እጠጋለሁ። ሁለቱም ላይ ፍጥነቱን አልለቅም።

ነጭ_መስመር

ስለ ማረፍ ማንም አልነገረኝም ስላልሽ እኔ ልንገርሽ እህቴ። ማረፍ ላይ ሞተር ጠፍቶ ከሚመጣው ይልቅ ምንም ሳይበላሽ የሚመጣው ይበዛል። ፈጥኖ መምጣት፣ ከፍ ብሎ መምጣት፣ የጎን ነፋስ፣ መንጠር። እነዚህ ሁሉ መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ጎ አራውንድ፣ ማለትም ማረፉን ትቶ እንደገና ሽቅብ መውጣት። የሚያስቸግረው ሰው ማድረጉን አለመፈለጉ ነው። ልክ ተሸንፎ እንደመመለስ ይቆጥረዋል።

መጀመሪያ ግን ከቤዝ ወደ ፋይናል፣ ማለትም ማኮብኮቢያውን ከሚያቋርጠው አቅጣጫ ወደ መጨረሻው የማረፊያ መስመር፣ የምትታጠፊበትን ቦታ ልብ በይ። ነፋሱ ገፍቶሽ መስመሩን አልፈሻል እንበል። የበለጠ ማጋደል ስለምትፈሪ በእግርሽ ራደሩን (የጅራቱን መሪ) እየገፋሽ አፍንጫውን ወደ ማኮብኮቢያው ትጎትቺዋለሽ፤ አውሮፕላኑ በዚያው በኩል ልጋደል ሲል በእጅሽ ኤለሮኑን (ክንፉን የሚያጋድለውን) በተቃራኒ ትይዢያለሽ፣ አፍንጫው ሲወርድ ደግሞ መሪውን ትስቢያለሽ። እግር ወደ አንድ፣ እጅ ወደ ሌላ፣ መሪው ወደ ሆድሽ። ክንፉ ስቶል ሲያደርግ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ 400 ጫማ ላይ ከስፒን (እየተሽከረከሩ ከመውደቅ) መውጫ የለም። መስመሩን ካለፍሽ አትጎትቺው፣ እለፊው። ስሮትል ሰጥተሽ ዙሪና እንደገና ነይ።

መንጠር ደግሞ ይኸውልሽ። ፈጥነሽ መጥተሽ መሬቱን ትነኪና አውሮፕላኑ ይነጥራል። እጅሽ በደመ ነፍስ መሪውን ወደፊት ይገፋል። ያን ጊዜ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፣ እንደገና የበለጠ ይነጥራል፣ ሦስተኛው ላይ የፊት ጎማው ይሰበርና ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል። ትንሽ ከነጠረ አፍንጫውን የማረፊያ አኳኋን ላይ አድርገሽ ያዢውና በራሱ ይውረድ፣ ካስፈለገም ትንሽ ስሮትል ጨምሪ። ከፍ ብሎ ከነጠረ ወይም ሁለተኛ ከደገመ ሙሉ ስሮትል ስጪና ሂጂ።

ጎ አራውንድ ስታደርጊ ሙሉ ስሮትል፣ አፍንጫ፣ ከዚያ ፍላፑን ወዲያው ወደ 20፣ የቀረውን ደረጃ በደረጃ። ሁሉንም በአንዴ እንዳትመልሺ፣ አውሮፕላኑ ይሰምጣል። አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለው፦ ለማረፍ ብለሽ ትሪሙን (የመሪውን ክብደት የሚያቀልልሽን ማስተካከያ) ወደ ኋላ አስተካክለሽው ስለነበር ሙሉ ጉልበት ሲመጣ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል። በደንብ መግፋት ይኖርብሻል። ከአስተማሪሽ ጋር ሙሉ ፍላፕና ሙሉ ትሪም ላይ ሆናችሁ ደጋግማችሁ ሥሩት፤ ክብደቱን እጅሽ ይወቀው።

ካርቡሬተር (ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው የቆየ አውሮፕላን ላይ ከተቀመጥሽ ሌላም አለ። አዲሶቹ 172 አር እና ኤስ ኢንጀክሽን (ያለ ካርቡሬተር ነዳጅ የሚረጭላቸው) ስለሆኑ አይመለከታቸውም። ለማረፍ ስሮትሉ ሲቀነስ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ደርሶ እንኳ እርጥበት ካለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሮትሉን ከመቀነስሽ በፊት የካርቡሬተር ማሞቂያውን ክፈቺ። ካልሆነ ጎ አራውንድ ልታደርጊ ስሮትሉን ስትሰጪ ሞተሩ ላይመልስልሽ ይችላል።

ታክሲ_ዌይ

ትንሽ የምትመስል ግን ሰው የገደለች ነገር ልጨምር። በር። እንደተነሳሽ በሩ ቧ ብሎ ሊከፈት ይችላል። ነፋሱ ይጮሃል፣ ወረቀት ይበራል፣ አብሮሽ የተቀመጠ ካለ ይጮሃል። 172 በሩ ተከፍቶ በደንብ ይበራል፣ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ጠበብ አድርጎ ይይዘዋል። አትንኪው። ሰው የሚሞተው በሩን ልዝጋ ብሎ ሲታገል ፍጥነቱን ረስቶ ነው። ሜዳውን ዞረሽ ጨርሰሽ፣ እንደወትሮው አርፈሽ፣ ቆመሽ ዝጊው። ማኮብኮቢያው ላይ ገና ብዙ ቦታ ቀርቶሽ ሳለ ከተከፈተ ግን አቁሚ።

ሬዲዮውን በተመለከተ ከ500 ጫማ በታች ምንም ባትናገሪ ማንም አይወቅስሽም። ጊዜ ካለሽ ሜይዴይ (የአደጋ ጥሪው) ሦስት ጊዜ፣ መለያሽ፣ «ሞተር ጠፋ፣ ፊት ለፊት አርፋለሁ»፤ ያዳምጡሽ በነበረው በዚያው ሞገድ። 121.5ን (የአደጋ ሬዲዮ ሞገዱን) መክፈትም ሆነ 7700ን (ለራዳር የሚላከውን የአደጋ ኮድ) ማስገባት ከፍታ ላይ ላለ ሰው ነው።

አዲስ_ክንፍ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአስተማሪዬ ጋር ተነጋግረን ስሮትሉን ከመስጠቴ በፊት ጮክ ብዬ የምለውን ጻፍኩ። እስቲ እዩልኝ፦

«ነፋሱ ከፊት ትንሽ ወደ ግራ። ግማሹ ሁለተኛው ታክሲ ዌይ ላይ፤ እዛ 39 ከሌለኝ አቆማለሁ። መንደርደር ላይ ምንም ካጠራጠረኝ ስሮትል ዘግቼ ፍሬን። ከተነሳሁ በኋላ ማኮብኮቢያ ከቀረኝ እዛው ላይ አርፋለሁ። ካልቀረኝ አፍንጫ ወደታች፣ 65፣ በግራ በኩል ያለው ማሳ። ከ1000 ጫማ በታች ወደኋላ አልዞርም። ሞተሩ ከተንተፋተፈና ከፍታ መያዝ ካቃተኝ እንደጠፋ ነው።»

ነፋስ_ለኪ

ጥሩ ነው። ማኮብኮቢያውን በቀየርሽ ቁጥር ማሳውንም ግማሹንም ቀይሪ እንጂ አንዱን በቃልሽ ይዘሽ እንዳትደግሚው። ነፋሱ ከግራ ስለሆነ ግራውን መምረጥሽ ደግሞ ልክ ነው፤ ወደ ነፋሱ ነው የምትታጠፊው።

ጋሽ_ፕሮፔለር

1000 ያልሽው ለጊዜው ይሁን፤ ከፍታ ላይ ከሞከራችሁት በኋላ የራስሽን ቁጥር አስገቢበት። 65 የሚለውን ግን አስተካክዪ። 172 ኤስ ላይ ከተነሳሽ በኋላ ሞተር ቢጠፋ ፍላፕ ሳይወርድ 70 ነው፣ ፍላፕ ሲወርድ ነው 65። ሌላ ሞዴል ላይ ከተቀመጥሽ ቁጥሩ ይለያል፤ በተለይ አር ላይ ዝቅ ይላል። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ከፍተሽ ከእሱ ላይ ጻፊው።